ደንገጎ ላይ የሚደክመው ሪቮ፤ ኖዝል ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። መኪናው የ2017 ቶዮታ ሃይሉክስ ሪቮ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ 2.4 ናፍጣ፣ በእጅ ማርሽ፣ 148,000 ኪሎ ሜትር የሄደ። ባለቤቱ ከድሬዳዋ ሐረር ሲሚንቶና ሴራሚክ ያመላልስበታል። ከተማ ውስጥ ምንም አይለውም። በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ግን ግማሽ ላይ ጉልበቱ ይጠፋል። የሞተር መብራት ይበራል። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ከ2,500 ዙር አያልፍም። ዳር ይዞ አጥፍቶ ሲያስነሳው ይድናል፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ያው ነው። ሦስት ጋራዥ ሄዷል። አንዱ «ኖዝሎቹ (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩት) አልቀዋል» አለው፣ ሌላው «ተርቦው ነው»፣ ሦስተኛው «ፓምፑ ነው»። ከተጠየቀው ሁሉ ትንሹ 180,000 ብር ነው። «የቱን ልመን? ወይስ ሸጬው ልገላገል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ድሬ ላይ አንቱ ብሎ ነገር ስለሌለ አንተ እያልኩ ልቀጥል። አትሽጠው። አሁን ብትሸጠው ገዢው መብራቱን አይቶ ዋጋውን ይሰብርብሃል። ከዚያ ምናልባት በአንድ ቱቦ አሠርቶት አጠገብህ እያለፈ ጥሩምባ ይነፋልሃል። ኖዝልም ገና አትግዛ። ሦስቱ ጋራዦች ዋሹህ ማለቴ አይደለም። የጠሩት ዕቃ ሁሉ ይህን ምልክት ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን አንዳቸውም አልለኩም። ለክተው ቢሆን ኖሮ ቁጥር ይነግሩህ ነበር፤ አንተም ያንን ቁጥር ትጽፍልኝ ነበር።

ከጻፍከው ሁሉ የያዘኝ አንድ ነገር ነው፦ «አጥፍቼ ሳስነሳው ይድናል» ያልከው። በቁልፍ የሚድን ብረት አላውቅም። የተሰበረ ነገር ቁልፍ ስለዞረ አይጠገንም። የሚድነው ሞተሩን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው። ሞተሩ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የአየሩን ግፊት፣ የናፍጣውን ግፊት፣ ሙቀቱን ያለማቋረጥ ይነግሩታል። አንዱ ቁጥር ከሚጠብቀው በጣም ሲርቅ፣ ሞተሩ እንዳይጎዳ ብሎ ናፍጣ ይቀንሳል፣ ተርቦውን ያዝ ያደርጋል፣ መብራቱን ያበራል። እኛ ጋራዥ ውስጥ «አሰረው» እንላለን። ስታጠፋው እስሩ ይፈታል። ሜዳና ቁልቁለት ላይ ያ ቁጥር ስለማይበላሽ ደህና ትነዳለህ። ዳገት ስትጀምር እንደገና ይበላሻል፣ እንደገና ያስረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የትኛው ቁጥር እንደተበላሸ ነው። የትኛው ዕቃ እንደሞተ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን ደንገጎ ላይ? ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ጨርሰህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ አንድ አስረኛ ያህል ይሳሳል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ተርቦው ነው፤ የበለጠ እየተሽከረከረ የሳሳውን አየር ይጨምቃል። በዚያ ላይ ጭነት አለህ፣ ዳገት ነው፣ ከታች የተነሳኸው ከድሬ ሙቀት ነው። ሞተሩ ያለውን አየርና ያለውን ናፍጣ ሁሉ የሚጠይቀው እዚያ ነው። ከዚራ ጥላ ሥር በሦስተኛ ማርሽ እየተንሸራሸርክ ብትውል ግን ይህ ሞተር ከአቅሙ ሩቡን እንኳ አይጠቀምም። «ከተማ ውስጥ ደህና ነው» ያልከው ለዚህ ነው። ደህና ስለሆነ አይደለም፤ ስላልተጠየቀ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቅለህ መብራቱን እንዳታጠፋ። ብዙ ልጆች ይህን ያደርጋሉ። መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ የብልሽቱን ኮድ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በዚያች ቅጽበት ዙሩ ስንት እንደነበር፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር፣ ግፊቱ ስንት እንደነበር አብሮ ይመዘግባል። ባትሪ ነቀልክ ማለት ማስረጃውን በእጅህ ቀደድክ ማለት ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያለው ሰው ፈልግ፤ ኮዱን አንብቦ ከማጥፋቱ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳው።

ሁለት ኮዶች እጠብቃለሁ። ፒ 0087 ከሆነ ናፍጣው በሚፈለገው ግፊት አልደረሰም ማለት ነው። ፒ 0299 ከሆነ ደግሞ ተርቦው የሚፈለገውን ያህል አየር አልገፋም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ፒ 0299 ሲወጣ «ተርቦ ቀይር» ብሎ የሚያነብ ሰው አለ። ኮዱ እንደዚያ አላለም። «አየር አነሰ» ነው ያለው። ለምን እንዳነሰ የመፈለጉ ሥራ የመካኒኩ ነው። ትኩሳት አለህ ያለህ ቴርሞሜትር ወባ ይሁን ታይፎይድ እንደማይነግርህ ሁሉ ማለት ነው።

ስካነር እስክታገኝ ድረስ ስፖኪዮህን ተጠቀም። ስለ ጭስ ምንም አልጻፍክም። ጓደኛህ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተልህ። ጉልበቱ ሊጠፋ ሲል ጥቁር ጭስ ከለቀቀ ናፍጣ አለ፣ አየር ግን ጎድሏል። ምንም ጭስ ሳይኖር ዝም ብሎ ከደከመ ደግሞ ናፍጣው ራሱ እየደረሰ አይደለም። መቶ በመቶ አይደለም፤ ግን ለነጻ ምርመራ በጣም ጥሩ ነው።

ከአየሩ እንጀምር። ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ጣለው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው በኮምፕሬሰር ያስነፋል፤ እሱም በሙሉ ግፊት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ይህ አቧራውን ወደ ወረቀቱ ሆድ መክተት ነው፤ ወረቀቱንም ይበሳዋል። መንፋት ካለብህ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በለስላሳው፣ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ፤ ከዚያ አዲስ። ሽንሌ በኩል የሚሠራ መኪና የሚውጠው አቧራ ደግሞ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር አይጠብቅም። በተበሳ ፊልትሮ የሚገባ አሸዋ የተርቦውን ምላጭ ይበላዋል፤ ያኔ እውነትም ተርቦ ትገዛለህ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ። እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአወዳይ ጫት የሚጭን ልጅ እንዳንተው ሪቮ ይዞ መጣ። ምልክቱ የአንተው ነው፤ ጥቁር ጭስ ብቻ ይጨምራል። ሌላ ቦታ አዲስ ተርቦ አስገጥሟል። ችግሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከፊልትሮው ተነስተን ተርቦው የጨመቀውን አየር እስከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና ከዚያም እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ ሁሉ በዓይን አየነው፤ አዲስ ይመስላል። ከዚያ የአየር መግቢያውን በክዳን ዘጋነው። በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተን ከኮምፕሬሰሩ ቀስ ብለን፣ ከአንድ ባር ሳናሳልፍ፣ አየር ሰጠነው። የኦሞ ውሃ በየመገጣጠሚያው ረጨን። ላይ ላዩ ምንም የለም። እጄን ከሥር ሳስገባ ግን ጣቴ ላይ ነፋስ ተሰማኝ። ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው ቱቦ መታጠፊያው ላይ፣ በሆዱ በኩል፣ የጥፍር ያህል ተሰንጥቋል። ከአንድ ብረት ጋር ሲፋተግ የኖረ ነው። ሞተሩ ሳይጨነቅ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ተርቦው ሲገፋ እንደ ከንፈር ይከፈታል። አረፋው ከሥር እየተንከባለለ ወጣ። ልጁ ዝም ብሎ አየው፣ አየው፤ ከዚያ «ተርቦውን መመለስ ይቻላል?» አለኝ። አይቻልም።

ይህን ፍተሻ አንተም ጋ አስደርግ። ግማሽ ሰዓት ነው። ቱቦውን ስታስፈታ ውስጡ በስሱ ዘይት ካየህ አትደንግጥ። የሞተሩ ትንፋሽ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ትንሽ ቅባት ያለ ነው። «ተርቦው ዘይት እየጣለ ነው» ብለው በዚያች ቅባት የሚያስፈራሩህ ይኖራሉ። ተርቦውን ራሱን መርምር፦ ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ፣ የአየር መግቢያውን ፈትተህ ዘንጉን በጣትህ ያዝ። ወደ ጎን በጣም ጥቂት ቢነቃነቅ ጤና ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ወይም ምላጩ ግድግዳውን ከቧጨረ ግን ያኔ ስለ ተርቦ እናውራ። አብሮም የተርቦውን ክንፎች የሚያንቀሳቅሰው ክንድ በጥቀርሻ ተይዞ እንደሆነ በስካነር አዝዞ ማየት ይቻላል።

አሁን ናፍጣው። ኮዱ ፒ 0087 ከሆነ፣ ወይም ጭስ ከሌለ፣ ሙሉ ትኩረትህ እዚህ ይሁን። እውነቱን ልንገርህ፦ ገንዘብ አስይዘህ ወራረድ ብትለኝ በዚህ በኩል ነው የምወራረደው። ነዳጅ ሲጠፋ ሁላችንም ከጀሪካን ገዝተናል፤ እኔም ገዝቻለሁ። ጀሪካን ውስጥ ውሃ አለ፣ ዝገት አለ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ አለ። የድሮው ሃይሉክስ ይህን ሁሉ ጠጥቶ እያንኮራፋ ይሄድ ነበር። የአሁኑ አይችልም። ፓምፑንና ኖዝሎቹን የሚያለሰልሳቸው ናፍጣው ራሱ ነው፤ ሌላ ዘይት የላቸውም። ነጭ ጋዝ ደግሞ ቅባት የለውም።

የናፍጣ ፊልትሮው ከሥሩ የውሃ ማውጫ አለው። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ከሥሩ የለስላሳ ጠርሙስ አድርገህ ክፈተው፤ ከላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየጫንክ ጠርሙሱን ግማሽ ድረስ ሙላው። አንድ ቡና እስክትጠጣ አስቀምጠው። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይተኛል፤ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። ፊልትሮውን ከቀየርክ ደግሞ አሮጌውን እንዳትጥለው። በመጋዝ አስቆርጠህ ወረቀቱን ዘርጋው። ጥቁር ልፋጭ ወይም የዝገት ዱቄት ካየህ ታንከሩ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ አዲሱም በሳምንት ውስጥ እንደዚያው ይሆናል። በእኛ ናፍጣ እኔ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። መጽሐፉ ከዚያ ይበልጣል ይልሃል፤ መጽሐፉ ጀሪካን አያውቅም።

በቁልፍ የሚድን ብረት የለም አልኩህ። ላስቲክ ግን ይድናል። የጀሪካን ክዳን እንዳያንጠባጥብ ከሥሩ ፌስታል አድርገን እንደምናጠብቅ ታውቃለህ። ያቺ ፌስታል ተቀዳ ታንከር ውስጥ ትገባለች። ከአንድ ፒካፕ ታንከር ውስጥ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ፌስታል በእጄ አውጥቻለሁ። ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲስብ መሳቢያው አፍ ላይ ትለጠፋለች። ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፤ ትወርዳለች። ሲነሳ ደህና ነው። አስር ደቂቃ ዳገት፣ ያው ተመልሳ ትለጠፋለች። የአንተን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ታንከሩና ፊልትሮው ንጹሕ ከሆኑ ቀጣዩ ፓምፑ ላይ የምትቀመጠው የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ናት። በቆሻሻ ናፍጣ ትያዛለች። ምልክቷ ቆሞ ሲሠራ ዙሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ብቻዋን ትቀየራለች፤ ለእሷ ሲባል ሙሉ ፓምፕ አይገዛም። ሦስተኛውን ጋራዥ «ፓምፑ ነው ስትል ቫልቩን አይተሃል?» ብለህ ጠይቀው።

ስካነሩ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር አብረው ይታያሉ፦ ኮምፒውተሩ ያዘዘው የናፍጣ ግፊትና በእርግጥ የተገኘው ግፊት። ዳገት ላይ አንድ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሁለቱን ይይ። አብረው ከወጡ ናፍጣው ነጻ ነው፤ ወደ አየሩ ተመለስ። የታዘዘው እየወጣ የተገኘው ወደ ኋላ ከቀረ ግን ይዘነዋል።

ኖዝሎቹ የሚመረመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲፈተሹም በጆሮ አይደለም። የአራቱንም የትርፍ ናፍጣ መመለሻ ቱቦ ወደ አራት ጠርሙስ አድርገህ ሞተሩ እኩል ደቂቃ ይሥራ። ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ እጥፍ ከሞላ ያ ኖዝል ግፊት እያሾለከ ነው። አንድ ነው ማለት ነው፤ አራት አይደለም። አዲስ ሲገጠም ደግሞ እያንዳንዱ ኖዝል ላይ የታተመ የማስተካከያ ኮድ አለ፤ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት። ይህን ሳያስገባ «ጨርሻለሁ» የሚልህ ሰው አልጨረሰም። ከሥሩ ያለችው የመዳብ ቀለበትም ሁልጊዜ አዲስ ትሁን። በቀድሞው የሃይሉክስ 3.0 ዲፎርዲ ሞተር ላይ በዚህች ቀለበት በኩል ያመለጠ ጋዝ የሞተር ዘይቱን አጥቁሮ፣ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ደፍኖ፣ ሞተሩን የገደለበትን ጊዜ አንረሳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እባክህ አትለፈው። የድሮ መካኒክ አንዱ ሲሊንደር ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ በቁልፍ ያላላ ነበር። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ማንም እንዲሞክረው አትፍቀድ። ጎማህ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ሦስት ባር ነው፤ እዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ናፍጣ ከ1,500 ባር ሊያልፍ ይችላል። በቀጭኑ ሲያመልጥ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ይመስላል፤ ጣት ግን ያስቆርጣል። እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ባያመውም ወዲያው ሐኪም ቤት።

የቀረውን ባጭሩ። መኪናህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ጭስ ማውጫው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ይኖረዋል፤ እሱም ሲደፈን ጉልበት ያሳጣል፤ ኮዱ ግን ሌላ ነው። ከሌለህ አታስብበት። የጭስ መላሽ ቫልቩና የአየር መግቢያው በ148,000 ኪሎ ሜትር በጥቀርሻ መጥበባቸው አይቀርም፤ ማስጠረግ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ችግር ግን ተጠርጣሪ ቁጥር አንድ አይደለም። ይህ ሞተር የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት ነው፤ እንደ ቀድሞው 2.5 በቺንጋ አይደለም። ስለዚህ «ቺንጋው ጊዜው ደርሷል» ብሎ ዋጋ የሚጨምርብህ ካለ ሰላም ብለኸው ውጣ።

ውሃውን ግን እይልኝ። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ታደርጋለህ? የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ። የሻይ ማንቆርቆሪያህን ውስጥ ተመልከት፤ ያ ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩም ውስጥ ይሠራል። ማቀዝቀዣ ፈሳሹን አድርግ፤ መቀላቀል ካለብህም በተጣራ ውሃ። በራዲያተሩና በኤሲው ራዲያተር መሀል ያለውን ክፍተትም በባትሪ መብራት እየው፤ አቧራና ነፍሳት ብርድ ልብስ ሆነውበት አገኛለሁ። ሙቀት በጣም ሲወጣም ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል።

ጭነቱን አልጻፍክም። ሲሚንቶ ስለሆነ ልገምት፦ 20 ከረጢት። ያ ብቻውን አስር ኩንታል ነው። አንተና ረዳትህ ስትጨመሩ የዚህን መኪና ልክ አልፋችኋል። ባሊስትራ ማስጨመር የመኪናውን ወገብ ያቃናል እንጂ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን አያሳድግም። 16 ጫን። ይህን የምልህ ለቁልቁለቱም ጭምር ነው፤ ከሐረር ስትመለስ ደንገጎን የምትወርደው በዚያው ፍሬን ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት የለስላሳ ጠርሙሱን ፍተሻ አድርግ። የአየር ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ ያዝ። ከዚያ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሰው ሁሉ ለበርጫ ሳይቀመጥ፣ ስካነር ያለውን ልጅ ጎንህ አስቀምጠህ ደንገጎን ውጣ። ሲሚንቶውን ሁሉ አታውርድ፣ 16ቱ ከረጢት ይኑርበት፤ ባዶ መኪና ዳገቱን ይወጣዋል፣ ችግሩን ግን አያሳይህም። መብራቱ ሲበራ ዳር ያዝ፣ ቁልፉን ሳትነካ ኮዱን አስነብብ። ቁጥሩን፣ ዙሩን፣ ሙቀቱን፣ ሁለቱን የናፍጣ ግፊቶች፣ የጭሱንም ቀለም ጻፍልኝ።